የቦራ ሆድ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። ከቀኑ 9፡30
ከፋብሪካ ወጥቼ በቀጥታ በረት። በሬዬ ቦራ ዛሬም ፉርሽካውን አልነካም። ማመስኳት ትቷል። ደብተሬ፣ አንተን አልዋሽህም፤ የዶሮ መድኃኒት ዱቄት አራት ቀን ያበላሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ወ/ሮ ጽጌ ዶሮዎቿን ያወፈረችበት ነው። ለዶሮ የበጀ በሬ አይጎዳም ብዬ ከፉርሽካው ጋር ለወስኩለት። ብልጥ መሆኔ ነው።

አባባ አገር ቤት፣ ቢስቲማ፣ ከጥጃነቱ አሳድገው ለአረፋ እንዳደልበው የሰጡኝ በሬ። የታመመ ከብት ለአረፋ እርድ አይሆንም። ዛሬ ደወሉ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው አልኳቸው። አፌ ይድረቅ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7። ጠዋት
የእንስሳት ሐኪሟ መጣች። ኮስታራ ናት። ግራ ጎኑን አዳመጠች፤ ሆዱ ጭጭ ብሏል። የዱቄቱን ማሸጊያ ሳሳያት ተቆጣች። የበሬ ሆድ ውስጥ ሳሩን የሚያብላሉ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ፣ ዱቄቱ እነሱን ፈጅቷቸዋል አለች። ስንት ሠራተኛ በአራት ቀን አባረርኩ ማለት ነው።

ሌላ መድኃኒት ስጠብቅ ፈርስ አምጪ አለችኝ። ከቄራ፣ ከጤነኛ በሬ ሆድ፣ ትኩሱን፤ በውስጡ ያሉት ተሕዋስያን ያለቁትን ይተኩለታል። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ዓርብ፣ ግንቦት 8። ከጠዋቱ 3፡00
ጀሪካን ይዤ ቄራ ሄድኩ። አራጁ፣ ሰው ሥጋ ሲለምን እንጂ ፈርስ ሲለምን አላየሁም ብሎ አላገጠብኝ። ባጃጁ ሽታውን ፈርቶ አላሳፍርም አለ። በእግሬ፣ እንዳይቀዘቅዝ በነጠላዬ ጠቅልዬ። ሐኪሟ በጨርቅ አጥልላ በቱቦ አወረደችለት። ከእንግዲህ ድርቆሽ ብቻ። እጄ ይሸታል፤ ፋብሪካ ልጆቹ ይሸሹኛል። ይሽሹ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9
ዳግመኛ ፈርስ። ጥቂት ድርቆሽ ጎረሰ። አላመሰኳም። ወ/ሮ ጽጌን በሆዴ እየረገምኩ ዋልኩ። ምን ታድርግ፣ ለበሬ ስጪው አላለችኝም።

እሑድ፣ ግንቦት 10። ከጠዋቱ 12፡30
አመሰኳ። ተኝቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ እያለ። ጆሮዬን ግራ ጎኑ ላይ ለጠፍኩ፤ እንደ ክረምት ሰማይ ያጉረመርማል። እዚያው አዛባው ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ከዚያ እልል አልኩ። ወ/ሮ ጽጌ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ከአጥር ማዶ ተቀበለችኝ።

ከቀኑ 10፡00
ሐኪሟ አይታው ሄደች። ለአረፋ ይደርሳል፣ መድኃኒቱም እስከዚያ ከሥጋው ይወጣል አለች። አባባ ነገ ይመጣሉ። ወ/ሮ ጽጌ፣ ዳነ አይደል፣ ምን ያስለፈልፍሻል ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ካልነገርኳቸው አያውቁም። ግን እነግራቸዋለሁ። ያሳመምኩትም እኔ፣ ያዳንኩትም እኔ። ማሳመሜን ደብቄ በማዳኔ ልኮራ አልችልም፤ እኔ ደግሞ መኩራት አምሮኛል።