የሰረዝኳት ዓረፍተ ነገር

ሐሙስ፣ ጥቅምት 1፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፍልሽ። የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ዛሬም ደብል ሺፍት፣ ሁለት ፈረቃ በተከታታይ፣ ሊያሠሩኝ ነበር፤ ወገቤን አሞኛል ብዬ አመለጥኩ። ውሸት። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፣ ደብተሬ።

መጽሔቱ በፖስታ መጣ! የኔ ዓምድ ገጽ 14፣ ከሐበሻ ቀሚሱ ማስታወቂያ ጎን። አዘጋጁ ርእሴን አልነካብኝም፦ «የቢራ ቤት እህትማማቾች»። ሦስቴ አነበብኩት፣ ሦስቴም ሳቅሁ። በራስ ጽሑፍ መሳቅ ነውር ነው ይላሉ። ማን አየኝ።

እዚህ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያሉትን የተማሪ ማኅበር ቤቶች ታውቂያቸዋለሽ፤ በራቸው ላይ የግሪክ ፊደል የተለጠፈባቸው። የወንዶቹን ፍራተርኒቲ፣ የሴቶቹን ሶሮሪቲ ይሏቸዋል። እሑድ ጠዋት ወደ ቤ/ክ ድራይቭ ሳደርግ ሣሩ ላይ የቢራ ጣሳ ተዘርቶ፣ አንዱ ጎረምሳ ሶፋ ላይ ተዘርሮ፣ ሶፋው ራሱ ደጅ ወጥቶ አየዋለሁ። ሁሉንም ዓምዱ ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ ዋናዋ፦ «የአንድ የቡርንስቪል ወንድማችን ልጅ አረንጓዴ ጃኬቷ ላይ የማኅበሩን የብር ፒን ሰክታ ከእንዲህ ዓይነቶቹ እህትማማቾች ተርታ ተሰለፈች አሉ። አባት መድኃኒት ቀማሚ ትሆንልኛለች ብሎ ይጠብቃል፤ ልጅ ቢራ መቅመሱን አስቀድማለች።»

ስም አልጠራሁም። ስም ጠርቼ አላውቅም።

እሑድ፣ ጥቅምት 4

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከቅዳሴ በኋላ እንደ ወትሮው ምድር ቤት ወረድን። ዳቦና ሻይ። መጽሔቱ በወጣ በመጀመሪያው እሑድ ዓምዴን ጮክ ብሎ የሚያነበው ጋሽ ተፈራ ነው። ሥራው የኤርፖርት ሻትል፣ የመንገደኛ ሚኒባስ፣ መንዳት ነው፤ ድምፁ ግን የሬዲዮ ሰው ነው። የአሮጊት ድምፅ ያወጣል፣ የጎረምሳ ድምፅ ያወጣል። ግማሹ ምእመን ዓምዴን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። በጋሽ ተፈራ አፍ ነው የሚያውቀኝ።

«የቡርንስቪሉ ወንድማችን» እሱ ነው።

ጎረምሳውን ከነሶፋው አስመስሎ ሲያነብ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሕፃናት ሳይቀሩ። ከዚያ «አረንጓዴ ጃኬቷ ላይ» አለ። ልጁ ማርታ ሃይስኩል ስትጨርስ ያንን ጃኬት ራሱ ገዝቶ፣ እዚሁ አዳራሽ አምጥቶ ለሁላችን አሳይቶን ነበር። ድምፁ ዝግ አለ። ማስመሰሉን ተወ። ግን አላቆመም! እስከ መጨረሻው ቃል አነበበ። በደረቅ ድምፅ፣ የመብራት ቢል የሚያነብ ይመስል። መጽሔቱን አጠፈ፣ መነጽሩን ኪሱ ከተተ፣ ወጣ። ዳቦው ሳይነካ ቀረ።

እማማ ለተብርሃን አጠገቤ ነበሩ። የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ከኔ ይጠራል። አንገታቸውን ሳያዞሩ፦ «በስመ አብ! የገዛ ልጁን በገዛ አፉ አስነበብሽው?» አሉኝ።

እሱ እንደሚያነበው አውቅ ነበር፣ ደብተሬ። ግን አላሰብኩትም። አውቆ አለማሰብ ይቻላል? እኔ ችያለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ማርታ መጣች። እዚህ፣ ሲዋርድ ሰፈር፣ ቤቴ ድረስ፣ በአውቶቡስ። ያለ ጃኬቱ፣ በቀጭን ሹራብ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የልጅቷን ነገር ከሥሩ ልንገርሽ። እናቷ ሱዳን፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው የሞተችው። ጋሽ ተፈራ ብቻውን ነው ያሳደጋት። ፀጉሯን ራሱ ይጎነጉን ነበር፤ ጠማማ ሹሩባ ይዛ ቤ/ክ ስትመጣ እናስተካክልላት ነበር። አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ፋርማሲ ልትገባ።

እና ነሐሴ ላይ ልታማክረኝ መጥታ ነበር። ይህንን ከአንቺም ደብቄ ነበር። እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሶሮሪቲ ልገባ ነው አለችኝ፤ አባቷ በክፉ እንዳይተረጉመው ፈርታለች። «እትዬ፣ ዩ ኖው ሃው ቱ ሴይ ኢት፤ አነጋገሩን ታውቂበታለሽ። አንቺ ንገሪልኝ» አለችኝ። የነሱ ሶሮሪቲ የጥቁር ሴቶች ነው። ቤት እንኳ የላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጡረታ በወጡ አንዲት መምህርት ሳሎን ውስጥ ተሰብስበው ሕፃናት ሒሳብ ያስጠናሉ። ቢራ የሚባል ነገር የለም። በመጨረሻ ምን አለችኝ መሰለሽ፦ «ልክ እንደ እናንተ ማኅበር ነው፣ እትዬ።»

የኛን የቤ/ክ ሴቶች ማኅበር ማለቷ ነው። እነግርልሻለሁ አልኳት። ግንባሯን ስሜ ሸኘኋት። ከዚያ ዓምዱ የሚላክበት ቀን ደረሰ፤ የምጽፈው ወሬ አልነበረኝም።

ዛሬ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የነገርኩሽ ሁሉ ጠፍቶብሽ ነው ወይ አለች። አልጠፋኝም። የመጀመሪያው ረቂቅ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። «ልክ እንደ እናንተ ማኅበር» የምትለዋን ጽፌያት ነበር። በቀይ ሰረዝኳት። ሳቁን ስለገደለችብኝ።

አባቷ ወይ ፒኑን መልሺ ወይ ቤቴ አትምጪ ብሏታል። ፒኑን ብትመልስም በዚህ ተርም ማለቂያ ዶርሙን ለቃ፣ ዩኒቨርሲቲውንም ትታ፣ ከቤቱ አጠገብ ካለው ትንሽ ኮሌጅ እንድትመዘገብ ነው የሚፈልገው። እሷ አልመልስም አለች። ስልኳን አያነሳም። የሶሮሪቲው የመግቢያ መሐላ ሕዳር መጀመሪያ ላይ ነው። ሁሉም ከዘመድ አንድ ሰው ይዘው ይመጣሉ አለችኝ። እሷ ያላት አንድ ሰው ነው።

ሻይ አፈላሁላት። አልጠጣችም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

ስልኩ ሲጮህ ዋለ። አንዱ አንባቢ ከሎስ አንጀለስ፣ ቁጥሬን ከየት እንዳገኘው እንጃ፦ ጎበዝ፣ ልክ ልካቸውን ነገርሽልን፣ እነዚህ ሴቶች ልጆች እኮ... ብሎ እኔ እንኳ ያላልኩትን ጨመረበት። ዘጋሁበት። እሱ ሲያመሰግነኝ ነው የጽሑፌ ጠረን የሸተተኝ።

ማታ መግቢያ ላይ እህቴ አስቴር ከአትላንታ። ሰላምታም የለ። «አንቺ ሴትዮ አብደሻል?»

እዚያ ሌላ አገር ነው፣ ደብተሬ። የሆስፒታሏ ዋና ነርስ የሶሮሪቲ ሰው ናት። የልጆቿ ትምህርት ቤት ዳይሬክተርም። ባለፈው ዓመት አንዷ አባል ስትሞት አንድ ዓይነት ነጭ የለበሱ ሽበታም ሴቶች ቤ/ክኑን ሞልተው፣ እየዘመሩ ሸኟት። እዚያ ያለ ሐበሻም ገብቶታል፤ ልጅ ተቀበሏት ሲባል እናት ኬክ ቆርሳ ታከፋፍላለች። አስቴር እንዲህ አለችኝ፦ «እኛ የምንመርቅበትን ነገር አንቺ ገጽ 14 ላይ አዋረድሽው። አምና ኬክ ያከፋፈለችው የጎረቤቴ ልጅ ጠዋት መጽሔቱን ይዛ አለቀሰች።»

ሚኒሶታ እንዲህ አይደለም ልላት ሞከርኩ። እዚህ ፈረንጁም አይወደውም። የሥራ ቦታዬ ነርስ ካሮል፣ ሰው የማታማ፣ ስለ ሶሮሪቲ ስጠይቃት አፍንጫዋን ነፋች፤ እሱ የደቡብ ሰዎች ነገር ነው፣ እኛ እዚህ ሰው ከሰው አናበላልጥም አለች። (እሺ ካሮል።) አስቴር ግን፦ «ታዲያ ካሮልን ነው የጠየቅሽው ወይስ ልጅቷን?»

ልጅቷን ሳልጠይቃት ነግራኝ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ይህንን እንዴት እንደምጽፈው እንጃ።

ክፍል 9፣ ሚስስ ሩት። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። አላባማ መምህርት ነበሩ፤ ልጃቸው ናት ወደዚህ ብርድ ያመጣቻቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የማለብሳቸው እኔ ነኝ። ሹራቡን አጥልቄ፣ ፀጉራቸውን አበጥሬ፣ መጨረሻ ላይ ትንሿን ፒን በግራ ደረታቸው እሰካለሁ። ከረሳሁ ቁርስ አይበሉም። የሟች ባላቸው ስጦታ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ስሰካላቸው ፒኑ ላይ ያሉትን የግሪክ ፊደሎች አየሁ። ሁለት ዓመት በእጄ ይዣቸው አላየኋቸውም! ሚስስ ሩት፣ ይሄ ምንድነው አልኳቸው።

ዓይናቸው በራ። አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሴቶች፣ አንድ ጥሩ ኮት በጋራ፤ ፈተና ያላት ትለብሰዋለች። አሁን ከስምንቱ እሳቸው ብቻ ቀሩ። በየወሩ አበባ ይዘው የሚመጡት ሁለት ሴቶች፣ የእህታቸው ልጆች የሚመስሉኝ፣ ዘመድ አይደሉም። ከተማ ሲገቡ ፈልገው ያገኟቸው የዚሁ ማኅበር ሰዎች ናቸው።

ለምን ጠየቅሽኝ አሉኝ። የማውቃት ልጅ ልትገባ ነው አልኩ። እጄን ያዙኝ። ኮራሽባት አይደል አሉ።

አዎ አልኩ። ይኸው ሌላ ውሸት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

አዘጋጁ ጋ ደወልኩ። በጣም ደስ ብሎታል፤ ደብዳቤ እየጎረፈ ነው፣ ክፍል ሁለት ጻፊ፣ የወንዶቹንም ጨምሪበት ይላል። ማስተካከያ ልጽፍ ነው አልኩት። በሚቀጥለው ወር፣ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ሁለት መስመር ይሰጠኛል። ለስድቡ ሙሉ ዓምድ፣ ለይቅርታው ሁለት መስመር። መጽሔቱ በፖስታ እስኪደርስ መሐላውም ያልፋል።

ከሥራ በኋላ ቡርንስቪል ድራይቭ አደረግሁ። የጋሽ ተፈራ አፓርትመንት በር ላይ ፓርክ አደረግሁ። ሻትሉ ቆሟል። መብራቱ በርቷል። አልወረድኩም። አጠገቡ ካለው ሱቅ ገብቼ ካልሲ ገዝቼ ተመለስኩ። ካልሲ! ስድስት ጥንድ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሄድኩ። ብቻዬን አይደለም፤ ይቅርታ ብቻ ሆኖ አይጠየቅም። እማማ ለተብርሃንን ይዤ። መኪና ውስጥ ሳለቅስ፦ «አሁን አታልቅሺ፤ እዚያ ስትደርሺ ያልቅብሻል» አሉኝ።

ለሳቸው ሲል ግቡ አለን። ቴሌቪዥኑ ያለ ድምፅ በርቷል። አረንጓዴው ጃኬት በሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ ማርታ ጥላው ነው የሄደችው። ጋሽ ተፈራ ለእማማ ወንበር ሳበ። ለኔ አልሳበም። ቆሜ ተናገርኩ። ነሐሴ ላይ የነገረችኝን ሁሉ፣ ሳላሳምር። ረቂቁን አውጥቼ የተሰረዘችውን ዓረፍተ ነገር አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ በቀዩ መስመር ሥር ያለችውን ቃል በቃል አነበባት።

«ነሐሴ?»

«ነሐሴ፣ ጋሼ።»

«ለአንቺ ነገረችሽ። ለኔ እንድትነግሪ።»

«አዎ።»

መነጽሩን አወለቀ፦ «ሰው ሁሉ ሲስቅባት፣ ያሳቅሁት እኔ ነኝ። በዚህ ድምፅ።»

ማስተካከያውን ጽፌዋለሁ፣ ነገ አዳራሽ ውስጥ ታነብልኝ እንደሆን ብዬ... ደፍሬ ጠየቅሁት። እንዴት ደፈርኩ! ራሱን ነቀነቀ። ድምፄን ብዙ ጊዜ ሰጠሁሽ፣ የነገውን በራስሽ አፍ አንብቢው አለኝ።

ሰው ፊት ቆሜ አንብቤ አላውቅም። ያውቃል።

ስለ ማርታ ምንም አላለም። ይቅር አልኩሽም አላለኝም። በሩ ላይ ግን ጃኬቱን ከመስቀያው አውርዶ በክንዱ ያዘው። እኔን ሳይሆን እማማን ነው የጠየቃቸው፦ «ያ የመምህርቷ ሳሎን... ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የሚሰበሰቡት?»

እማማ ወደ እኔ አዩ። አራት ሰዓት ጠዋት አልኩ። ሰማኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 18፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

በረዶ ጀምሯል፣ የዘንድሮ መጀመሪያ። ጋሽ ተፈራ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ቢመጣም ባይመጣም አነባለሁ።

መስታወት ፊት አራት ጊዜ ሞከርኩት። «ስም አልጠራሁም ብዬ ነበር። ዛሬ የራሴን ስም እጠራለሁ» የሚለው ላይ ደህና ነኝ። ሳቅ የሚያመጣ ነገር አንድም የለበትም፤ ያለበትን ሁሉ አወጣሁት። የምደናቀፈው አንድ ቦታ ነው። ጋሽ ተፈራም ያኔ ድምፁ ዝግ ያለው ጃኬቱ ላይ ነበር፤ የኔ ደግሞ «ልክ እንደ እናንተ ማኅበር ነው፣ እትዬ» ላይ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀየርኩ። እሷን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ አነባታለሁ። ድፍረቱ ሳይከዳኝ።

መኪናውን አስነስቻለሁ፣ እየሞቀ ነው። ነጠላዬን ለብሻለሁ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ... አይ፣ እዚያ አልከተውም። በእጄ ልያዘው፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው።