አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ

ጋምቤላ፣ ጥር 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለእናትነሽ፣

የነቀምት ብርድ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ሙቀቱ ገና በጥር ቆርቆሮውን ማንጫጫት ጀምሯል። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ስምሽ በተነሣ ቁጥር ቀና ብላ እኔን ታየኛለች፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አክስትሽ ስፌቱን እንደለመድሽ ጽፋልናለች። አንቺ ግን ከሄድሽ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፣ አንዲት መስመር አልጻፍሽልኝም። አልፈርድብሽም።

የምጽፍልሽ ስለ 1000009 ነው።

በየዓመቱ ለአስራ አንደኛ ክፍል አንድ ትልቅ ቁጥር እሰጥ ነበር፤ ፕራይም መሆኑን፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም አለመካፈሉን፣ በእጃችሁ እያካፈላችሁ እንድታጣሩ። በእናንተ ዓመት ቁጥሩ 1000009 ነበር። ለእሱ መሞከር የሚበቃው ከአንድ ሺህ በታች ባሉት ፕራይሞች ነው፤ እነሱ 168፣ እናንተ አርባ ሁለት፤ አራት አራት ደረሳችሁ። አርባ አንዱ «አይካፈልም» አሉ። አንቺ ተነሥተሽ «ለ293 ይካፈላል» አልሽ። ለእኔ ደግሞ ከተማሪነቴ ጀምሮ ደብተሬ ላይ ፕራይም ብዬ የጻፍኩት ቁጥር ነው። «አርባ አንድ ሰው ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ?» ብዬ የሠራሽውን በዳስተር አጠፋሁት።

«አባዬ፣ እባክህ አንዴ አካፍለው» አልሽ።

«እዚህ አባትሽ አይደለሁም» አልኩሽ። ዜሮም ሰጠሁሽ። ለልጁ ያደላል እንዳልባል ከሁሉም ይልቅ በአንቺ እበረታ ነበር።

ልጄ፣ አርባ አንዱም አልተሳሳቱም፤ እንዲያካፍሉበት የደረሳቸው ቁጥር ሌላ ነበር፣ 293 የደረሰው ላንቺ ነው። ፕራይም አለመሆኑን ለማሳየት አንድ አካፋይ ይበቃል። ይህን የማስተምረው እኔው ነኝ።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አካፈልኩት። 3413 ወጣ፣ ያለ ቀሪ። ሳምንቱ የመምህራን ግምገማ ነበር። ክልሉ አዲስ፣ ሹሙ አዲስ፤ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ይህ ሰው አያውቅም» ቢል እንጀራዬ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ነገ ስል ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ አክስትሽ ሄድሽ። እናትሽ «ምን ሆና ነው?» ብትለኝ «ሒሳቡ ከብዷት ነው» አልኳት። ይህን ቃል ሳስታውስ አፍራለሁ።

ትናንት ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ግድግዳው ላይ ከለጠፍኩት ዝርዝር 1000009ን ሰርዤ «293 ሲባዛ በ3413፣ ያገኘችው እናትነሽ ወንዳፍራሽ» ብዬ ጻፍኩ። ጋትሉዋክ የሚባል የኢታንግ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ አንተ ካወቅክ ለምን ሦስት ዓመት ዝም አልክ?» አለኝ።

«ፈርቼ» አልኩት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ብዙ አደረ። ቤት ገብቼ ለእናትሽም ነገርኳት። እስካሁን አላናገረችኝም።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ኩዎል ለመስከረም ቦታ ይዘውልሻል። ብትመጪ ሌላ መምህር ጋ ትማሪያለሽ። ባትመጪም ያንቺ ፈንታ ነው። ብቻ አንዲት መስመር ጻፊልኝ፣ ስድብም ቢሆን።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይስመርልሽ። እግዚአብሔር ካንቺ አይራቅ።

በዚያ ክፍል ውስጥም አባትሽ፣
ወንዳፍራሽ