እህቴ በአካል ቀርባ ትፈርምባቸው ስለተባሉት ሠላሳ አራት ወረቀቶች

ይድረስ ለተከበሩ የከተማ አውቶቡስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እርስዎም፣ ወንበርዎም፣ ማኅተምዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እቤት የቀረነው እናቴና እኔ ደህና ነን። ታላቅ እህቴ ሆስፒታል በገባች በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች፤ ሰባት ሳምንት ሆኗታል።

የምጽፍልዎ እህቴ ባለ ነጠብጣቡን ፊደል በእጇ የሣለችባቸውን፣ በመዝገብ ቤትዎ መሳቢያ ውስጥ ያሉትን ሠላሳ አራት ባለ ካሬ ወረቀቶች እንዲመልሱልን ለመለመን ነው። በወሩ መጨረሻ ከአሮጌ ወረቀት ጋር እንደሚወገዱ ሰምቻለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ለሥራዋ ያደረገውን ሁሉ ሳላመሰግን ባልፍ ግን ነውር ስለሚሆንብኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

ምናልባት ዘንግተውት እንደሆነ፣ ፊደሉ የተሠራው በአውቶቡስ ግንባር ላይ ለሚበራው የመዳረሻ ሰሌዳ ነው። እናታችን ልብስ ሰፊ ስለሆነች፣ እህቴ የልብስ ቁልፎቿን እየወሰደች ካርቶን ላይ ትደረድር ነበር፤ አንድ ቁልፍ አንድ መብራት ነው። ከዚያ ካርቶኑን በራችን ላይ አቁማ፣ እኔን ከመንገዱ ማዶ ልካ ምን እንደሚል ትጠይቀኛለች። «ሰ»ን «ለ» ያልኩ እንደሆነ አንዲት ቁልፍ ፈቀቅ ታደርግና፣ አንተ ዕውር፣ እንደገና እይ ትለኛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ይኸው ነበር።

1. እህቴ ስትሞት ስላወጣችሁት የኀዘን መግለጫ አመሰግናለሁ። በራሷ ፊደል ማተማችሁ እሷን ለማክበር እንደሆነ የማስታወቂያ ክፍሉ ሠራተኛ ነግረውኛል። እህቴ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ቁመቱ ከአንድ ጣት እንዳያንስ ብላ ጽፋ ነበር፤ እናንተ ግን ከቅጂው ላይ ሌላ ቅጂ እያነሣችሁ የሩዝ ፍሬ አሳከላችሁት። ነጠብጣቦቹ ግማሾቹ ጠፉ፣ ግማሾቹ ተጣበቁ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችው፣ አውልቃም አየችው፣ ከዚያ አንብብልኝ ብላ ሰጠችኝ። ከመንገድ ማዶ አነብ የነበርኩት ልጅ፣ ከስንዝር ርቀት የእህቴን ስም ማንበብ አቃተኝ። አጎቴ መግለጫው ላይ ያለውን የቀብር ሰዓት ሦስት ሰው አስነብቦ፣ ሦስቱም የተለያየ ሰዓት ነግረውት፣ ሰው ሲበተን ደረሰ። ጥፋቱ የእሱ እየመሰለው፣ በደወለ ቁጥር እስካሁን ይቅርታ ይጠይቀናል።

2. ፊደሉን ያለ ስስት ስለተጠቀማችሁበትም አመሰግናለሁ። በመጸዳጃ ቤታችሁ በር፣ በስብሰባ አዳራሹና በሻይ ክበቡ አይቼዋለሁ። ያላየሁት አውቶቡስ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ከሰሌዳው ጋር የመጣው ቀጭን ጽሑፍ ሳይቀየር ስለቀረ፣ እናቴ እንደ ሌላው ሰው እጇን አንሥታ ታስቆምና ወዴት ነው ብላ ትጠይቃለች። ሾፌሩም፣ ተጽፏል እኮ እማማ፣ አያዩም እንዴ ይላታል።

3. በዋናው በር ማስታወቂያ ላይ አንድ ታታሪ ሠራተኛ፣ በነጠብጣቦቹ መካከል ያለው ክፍተት የማተሚያ ጉድለት መስሎት፣ ሁሉንም በማርከር አንድ በአንድ አገናኝቷቸዋል። ግማሽ ቀን ሳይፈጅበት አልቀረም። እህቴ ብታየው ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። እኔ ቆሜ አየሁት፤ ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

4. መመሪያ አክባሪነታችሁንም አደንቃለሁ። መዝገብ ቤት ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ። ሠራተኛዋ ደግ ሴት ናቸው፤ የእኔ ልጅ እያሉ ነው ያነጋገሩኝ። ወረቀቶቹን መውሰድ የሚችለው ያስረከበው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ እህቴ በአካል ቀርባ ትፈርም አሉኝ። ሞታለች ስላቸው ነፍስ ይማር አሉና፣ እንግዲያው ውክልና ትስጥህ አሉኝ። የሞት ማስረጃውን አወጣሁ። አገላብጠው አዩትና፣ ይኼ የሌላ ክፍል ነው ብለው በትሕትና መለሱልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ፊደሉን እንኳ ያስቀሩት፤ በኮምፒውተራችሁ ውስጥ አለ። እኔ የምፈልገው የወረቀቶቹን ጠርዝ ነው። እህቴ እኔ የሳትኳቸውን ፊደሎች እዚያ ከነቀናቸው መዝግባለች። ጽሑፏ ዛሬም አላየውም ይላል፤ ዛሬም አላየውም፤ ሲደክመኝ ደግሞ ርቦታል መሰለኝ፣ ነገ ይሁን ይላል። በመጨረሻም ዛሬ አየው ይላል። ደብተሮቿን ሁሉ ገልጫለሁ፣ ስልኳንም አይቻለሁ። በእሷ እጅ ስለ እኔ የተጻፈ ሌላ ነገር አላገኘሁም።

ውድ ጊዜዎን በእኔ ነገር ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለመመሪያው ረጅም ዕድሜ፣ ለመሳቢያው ጠንካራ ቁልፍ፣ ለእርስዎም መልካም ዕረፍት ከልብ የምመኝ፣

ታናሽ ወንድሟ፣
የአሥረኛ ክፍል ተማሪ

ማስታወሻ፦ ባለጉዳይ የሚስተናገደው ማክሰኞ ጠዋት እንደሆነ በርዎ ላይ ተለጥፏል። የሒሳብ መምህሬ ስለፈቀዱልኝ፣ ከፊታችን ማክሰኞ ጀምሮ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እህቴም በአካል እንድትቀርብ ስለታዘዘች፣ ከጎኔ ያለውን ቦታ ሌላ ሰው እንዳይዝባት ለጥበቃው ይንገሩልኝ።