ያላስነበብኩት ወረቀት

አስካለዬ፣ የቤቴ እመቤት፤

ሙት ዓመትሽን ካሰብን እነሆ ሁለተኛ ወሩን ያዘ። የምትጽፈው ልጃችን ገነት ናት፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ታሰፍራለች። አታሳምሪው ብያታለሁ፤ እንዳልኩት ይጻፍ።

ቤቱ ያው ኪሱጉ፣ የስደት ሰፈራችን ነው። አከራያችን በሩን አረንጓዴ ቀባው፤ ብታዪው ትስቂ ነበር። ናሎንጎ፣ የመንታዎቹ እናት ጎረቤታችን፣ ዛሬም የሙዝ ማቶኬ ስትሠራ ሳህን ሸፍና ትልክልኛለች። ራሴ እሠራለሁ ብላት አትሰማኝም። ልክም ናት፤ ትናንት የሠራሁትን ሽሮ ድመቷ እንኳ አልቀመሰችውም። ጉልበቴ ደህና ነው። ዓይኔ ብየዳ የበላው ዓይን ነው፣ ምን ይደረጋል።

ዛሬ የምነግርሽ ግን ሌላ ነው። በሕይወት ሳለሽ ልነግርሽ ይገባ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በበያጅነት ያገለገልኩበት ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ እኔንም አሰናበተኝ። በመጨረሻው ቀን ፖስታ ሰጡኝ። የመጋዘኑ ሰው እንደ አዛውንት አክብሮ «ምዜ፣ አስነብበው» አለኝ። «አውቀዋለሁ» አልኩት። ምኑን አውቀዋለሁ! እንኳን እንግሊዝኛው የአማርኛውንም ፊደል አልለይ። ቤት ስገባ «ምን ይላል?» አልሽኝ። «ስላገለገልክ እናመሰግናለን ይላል» አልኩሽ። ደስ አለሽ። ከሠርጋችን ፎቶ ጋር ሻንጣ ውስጥ አኖርሽው።

ሥራ ፈትቼ ወር በወር ላይ ተደረበ። የጠየቅኩበት ወርክሾፕ ሁሉ ሽበቴን እያየ ይመልሰኛል። አንቺ ጎንሽን ይዘሽ ስትነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ስልሽ፣ «ካርዱን ለከባድ ቀን እንቆጥበው» ትይኝ ነበር። የፋብሪካው የሕክምና ካርድ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል ያልኩሽ እኔ ነኝ። ማን ነገረኝ? ማንም።

ከባዱ ቀን መጣ። ናካሴሮ ክሊኒክ ሄድን። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ካርዱን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ መለሰችልኝ። ሥራ ከለቀቅኩ ሦስት ወር ሲሞላ ተቋርጧል አለች። ጮህኩባት። ዘጠኝ ዓመት ጭስ የዋጥኩበት ነው አልኳት። አንቺ እጅጌዬን ሳብሽና ስለ እኔ ይቅርታ ጠየቅሻት። ከዚያ ወደ ገበያው ወረድን፤ እየዳበስሽ አቮካዶ መረጥሽ። ሰፈር ስንደርስ ለናሎንጎ «አቮካዶ ልንገዛ ወጥተን ነው» አልሻት። ሕመምሽን ይዘሽ የእኔን ኩራት ትሸፍኚ ነበር።

የመንግሥት ሐኪም ቤት ወረፋውን አብረን ጠበቅን። ተራችን ሲደርስ በሽታው ቀድሞን ነበር።

ባለፈው ወር ገነት ሻንጣውን ስታራግፍ ፖስታውን አገኘችው። አነበበችልኝ። ምስጋና የለበትም አስካለ፤ አንድ ቃል የለበትም። ካርዱ ሦስት ወር ይሠራል፣ ከዚያ ይቋረጣል፤ መቀጠል የፈለገ ቀኑ ሳያልፍ ይፈርም፣ ክፍያውንም ራሱ ይሸፍን ይላል። የመሰናበቻው ገንዘብ ያኔ በእጄ ነበር። የፊርማው ቦታ ባዶውን ቁጭ ብሏል። አውራ ጣቴ ይበቃ ነበር።

ገነት ወጥታ ልብስ አጠበች፤ የታጠበውን ደግማ አጠበች።

እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ተነሣሁ። እድር ለሞተ ነው የሚደርሰው፤ ላንቺም ደርሷል፣ አልወቅሰውም። «ከሥራ የወጣችሁ፣ የተሰጣችሁን ወረቀት አስነብቡ» አልኩ። «እኔ ማንበብ አልችልም። አልችልም ማለቱን አፍሬ ሚስቴን ቀበርኩ።» ግርማ «ዛሬ ደግሞ ሰባኪ ሆንክ?» ብሎ ሳቀብኝ። የሆቴል ዘበኛ ነበር፤ እሱም ከሥራ ከወጣ ሁለተኛ ወሩ ነው። ሰው ሲበተን በር ላይ ጠበቀኝ። ከኮቱ ውስጥ ፖስታ አወጣ። እንደታሸገ ነው።

ገነት አነበበችለት። ቀኑ አላለፈም ነበር። ሰኞ ሄዶ ፈረመ። ሚስቱ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ትናንት መድኃኒቷን ይዛ ስትመለስ አየኋት። ደስ አለኝ። ቤት ገብቼም አለቀስኩ።

ማሪኝ አልልሽም። ሳልጠይቅሽ እንደማርሽኝ አውቃለሁ፤ የሚከብደኝም እሱ ነው።

አልረሳሽም። ፊደል የቆጠረ ሰው ወረቀት ላይ አስቀምጦ ሊዘነጋ ይችላል። እኔ ግን አንቺን የማኖርበት ሌላ ቦታ የለኝም።

ባልሽ መኰንን