በካርቶን ላይ የጻፍክልኝ ፊዚክስ

ውድ ሌስተር፣

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ፒትስበርግ በረዶ ተጭኗታል። ወርክሾፑ ውስጥ ከእኔና ከዚያ ሳጥን ከሚያነሳው የሮቦት ክንድ በቀር ማንም የለም።

እንደደረስኩ በሩ ፊት ለፊት ያለውን የመኪና ማቆሚያህን ከበረዶ ጠረግኩ። ከዚያ ያቺን አንድ እግሯ የሚንገዳገድ የወጥ ቤት ወንበርህን አውጥቼ መሃሉ ላይ አቆምኳት። በዚህ ከተማ፣ ሰው በጠረገው ቦታ ላይ ያስቀመጠውን ወንበር የሚነካ እንደሌለ ታውቃለህ። አዲሶቹ ሠራተኞች "የማን ናት?" ሲሉኝ "የሌስተር" እላለሁ። "ሌስተር ደግሞ ማነው?" ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ነው የሚውሉት፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ እዚህ ቤት ጮክ ብሎ የሚስቅ የለም።

የጻፍክልኝ ካርቶን አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት የባንክ ፕሮግራም ስጽፍ ኖሬ እዚህ በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ነበር። አንተ እህትህ የላከችልህን ፒዬሮጊ፣ ያንን ድንች የተሞላ ሊጥ፣ ትበላለህ፣ እኔ ሳንድዊቼን ይዤ ትክ ብዬ አይሃለሁ።

"ሌስተር፣ እኔ ፊዚክስን የተሰናበትኩት አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ነው። ለዚህ ሥራ የቱን የቱን ልማር?"

"ሁሉንም ልማር ካልሽማ ዕድሜሽ አይበቃም።"

"አረጀሽ ማለትህ ነው?"

"እኔ ምን አልኩ? ሂሳቡን አንቺው ሥሪው" አልክና የሞተር ማሸጊያውን ካርቶን ቦጭቀህ በጥቁር ማርከር አምስት መስመር ጻፍክልኝ። የሚወድቅ። የሚጠመዘዝ። የሚፋተግ። የሚሞቅ። የሚንቀጠቀጥ። የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ አሰመርክበት።

"ከዋክብቱንና አቶሞቹን ተያቸው፤ ያለ አንቺም ይኖራሉ። እነዚህን ግን አንቺ ካልሄድሽባቸው እነሱ ይመጡብሻል። በዚሁ ተራ ተማሪያቸው።"

"ነገር እንደሚወድቅማ የማያውቅ ማን አለ?" ብዬ ሳቅኩብህ። ከሁለተኛው ጀመርኩ።

እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር የተማርኩት። ያው አንድ ሳጥን ክንዱ ሲታጠፍ ቀላል፣ ሲዘረጋ ከባድ የሚሆንበትን ምክንያት መጥረጊያ በአንድ እጄ አስይዘህ አስረዳኸኝ፤ አንተ እየሳቅክ የእጄ አንጓ እስኪዝል ድረስ። ሰበቃን በማርሾቹ አሳየኸኝ። አንድ ቀን ደግሞ ሳጥን ይዞ ቀጥ ብሎ የቆመውን ክንድ ሞተር ንኪው አልከኝ፤ ይፋጃል። "ምንም ሳይሠራ?" ስልህ "መያዝ ሥራ አይደለም እንዴ?" አልከኝ። እኔ የምጽፈው ፕሮግራም ሲጠብቅ ያርፋል። ሞተር ግን ቆሞም ይለፋል። ይህን በደብተሬ ጻፍኩት፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ግን አልገባም።

አሁን ወደ ሚያዝያ ልመለስ ነው። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አላወራንም።

ማክሰኞ ነበር። የሮቦቱ ክርን ላይ አንድ ብሎን ላልቶ ልታጠብቀው መፍቻህን ይዘህ መጣህ። ከክንዱ ስር ከመግባትህ በፊት ሁልጊዜ ያንን ቢጫ የቀባኸውን ጉማጅ እንጨት ታስደግፈዋለህ።

"ቆሟል?" አልከኝ።

"ቆሟል።"

እንጨቱን ልታመጣ ዞር ስትል ሳቅኩብህ። "አንተ ሽማግሌ፣ ቆሟል አልኩህ እኮ! ይሄ እንጨት ሚስትህ ነው እንዴ?"

"እሺ እመቤቴ፣ አንቺ ካልሽ ይሁን" ብለህ እጅህን ሰደድክ።

እኔም ይበልጥ እንድትጠበቅ ብዬ የሞተሮቹን ኤሌክትሪክ ቆረጥኩት። አዎ፣ ለአንተው አስቤ። ኮምፒዩተሬ ላይ ባለው የክንዱ አምሳያ ይህን ሺህ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ኤሌክትሪኩ ሲቆረጥ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ ክንዱም ባለበት ደርቆ ይቀራል። የእውነቱ ክንድ ግን የቆመው ሞተሮቹ ይዘውት ነበር። ክርኑ ፍሬን አልነበረውም። ወደቀ።

ጩኸትህን እዚህ አልጽፈውም።

ሆስፒታሉ ሁለት ጣቶችህን ማትረፍ እንዳልቻለ በተነገረን በሦስተኛው ቀን አለቃችን ግሌንዳ ሁለታችንንም ቢሮዋ ጠራችን። እጅህ እንደተጠቀለለ ነበር። ግድግዳውን እያየህ "እንጨቱን ሳላስደግፍ ገባሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሌላ የሚጨመር ነገር የለም" አልክ። ግሌንዳ ወደ እኔ ዞረች። "ኖሪን፣ አንቺስ?"

"የለም" አልኩ።

አንተ እንዲህ ያልከው ሥራዬን ልታተርፍልኝ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩህ። ሪፖርቱ "የሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት" ብሎ ተዘጋ፤ አንተ ዕቃህን ጠቅልለህ ኢሪ ከተማ፣ እህትህ ዘንድ ገባህ። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሠርግ ሲኖር በአንተ ቦታ አኮርዲዮን የሚጫወተው አሁን ሌላ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ሄጄ ሰማሁት፣ መሃል ላይ ወጣሁ። በበጋው ሦስት ጊዜ ተደውሎልህ፣ ስታነሳው ተዘግቶብህ ነበር። እኔ ነበርኩ።

እነዚህን ስምንት ወራት ምሳዬን ብቻዬን፣ ካርቶኗን ፊቴ አድርጌ እየበላሁ የዘለልኩትን መስመር ተማርኩ። ስበት ከፕሮግራም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ጠቅላላ ትምህርቱ ይኸው ነው። ክርኑ ላይ ፍሬን አስገጠምኩ። ፕሮግራሙንም ለወጥኩት፤ አሁን ክንዱ ቀስ ብሎ ወርዶ ማረፊያው ላይ ሳይተኛ ኤሌክትሪኩ አይቆረጥም።

ትናንት ሁሉም ምሳ ሲወጡ ፍሬኑን ብቻውን ልፈትን ብዬ ክንዱን ከፍ አድርጌ አቆምኩት። እንጨትህን አስደግፌ ኤሌክትሪኩን በእጄ ከዋናው ማጥፊያ ቆረጥኩት። ያዘ። ከዚያ እንጨቱን አወጣሁና ቀኝ እጄን ከስር አስገባሁ። ግራ እጄ ፍሬኑን የሚለቀው ቁልፍ ላይ ነው። እኩል እንሆናለን ብዬ ነው መሰለኝ። እንዲህ ሆኜ ብዙ ቆየሁ። የኔ እጅ ቢደቅም ያንተ ጣቶች አይመለሱም፤ ያንንም ደግሞ አደጋ ብለው ይዘጉታል። እጄን አወጣሁ፣ እንጨቱን መለስኩ፣ ደረጃውን ወጥቼ ግሌንዳ እስክትመጣ በሯ ላይ ጠበቅኳት።

"ግሌንዳ፣ በሚያዝያ ዋሽቼሻለሁ።"

ሁሉንም ነገርኳት። "ቆሟል" ማለቴን፣ በእንጨቱ መሳለቄን፣ ኤሌክትሪኩን። መነጽሯን አወለቀች።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ የት ነበርሽ?"

"ታች። ፊዚክስ እየተማርኩ።"

"ትቀልጂብኛለሽ?"

"አልቀለድኩም።"

መነጽሯን መልሳ አደረገች። "ሪፖርቱ እንደ አዲስ ይጻፋል። ያንቺን ነገር ሰኞ እንነጋገራለን፤ ተስፋ አልሰጥሽም። ለሌስተርስ ማን ይንገረው?"

"እኔ።"

ይኸው ነገርኩህ። ጥፋቱ ያንተ አልነበረም፤ ከአሁን በኋላ ወረቀቱም ይህንኑ ይላል። ይቅርታ እጠይቅሃለሁ ሌስተር። በጣም ናፍቀኸኛል፣ ይህን የማለት መብት እንዳለኝ ግን አላውቅም።

ከሰኞ በኋላ እዚህ ላልኖር እችላለሁ። በረዶ በጣለ ቁጥር ወንበርህን እንዲያወጡ ለአዲሶቹ ልጆች ነግሬያቸዋለሁ፣ እሺ ብለውኛል። ካርቶኗን ግን ይዣት እሄዳለሁ። አራቱ መስመሮች ላይ ምልክት አድርጌያለሁ፤ የመጀመሪያው ላይ አላደረግኩም፣ እሱን ጨረስኩት ማለት አልደፍርም።

ስልኬ ጮኾ ሳነሳው ቢዘጋብኝ፣ አንተ መሆንህን አውቃለሁ።

"ቆሟል" ያለችህ፣
ኖሪን