የቨርነን ምሕዋር

ሬዶንዶ ቢች፣ ካሊፎርኒያ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1997

ለምወድህ ልጄ ለክሌይተን፣

እንደምን ከረምክ? የለንደን ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ አለን፣ መኖር ከተባለ። የአባትህን ነገር በስልክ ልነግርህ ደጋግሜ ሞክሬ፣ ድምፅህን ስሰማ አቅቶኝ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። ለዚህ ነው የጻፍኩልህ።

የአባትህ ኩባንያ የአንተን መሥሪያ ቤት የከሰሰበት ክስ አልቆለታል። ዳኛው ገና ባይፈርዱም ጠበቆቹ ሁሉ ያውቁታል። ሳተላይቶች በጣም ሳይቀርቡ በጣምም ሳይርቁ፣ ሰው የትም ቢቆም ሁልጊዜ ሁለቱን በሚያገኝበት ከፍታ ይዙሩ ብሎ አባትህ ያሰበው፣ ኩባንያው በስሙ ፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ያወጣለት ምሕዋር ከእንግዲህ የማንም ነው። የአንተም መሥሪያ ቤት ያለ ከልካይ ይጠቀምበታል። እንኳን ደስ አለህ ልልህ ፈልጌ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

የጣለን አንድ ፎቶግራፍ ነው። የሬዲዮ ክበቡን ታውቀዋለህ፤ በየወሩ አንዱ አባል ቤቱ የሠራውን ነገር አምጥቶ ያሳያል፣ ከዚያ አብረው ይበላሉ። አባትህ በተራው ብርቱካን በሽቦ ቀለበት ከብቦ፣ ሽቦው ላይ ዶቃ ሰክቶ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ምሕዋሩን አስረዳ። ኩባንያው ማመልከቻ ያስገባው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። በሰው ፊት የተነገረ ነገር ዓመት ካለፈው ፓተንት አይገባውም አሉ። እሱ ወዳጆቹን ያጫወተ እንጂ አደባባይ የወጣ መች መሰለው? የእናንተ ጠበቆች ያን ዕለት የተነሳውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጀርባው ላይ ቀኑ ተጽፏል፣ በእኔ እጅ።

የኩባንያው ጠበቃ አስቀድሞ መክሮት ነበር። «ሚስተር ኦስግድ፣ ሰው ይረሳል እኮ። ቀኑን ረሳሁት ቢሉ ማን ይፈርድብዎታል?»

«ብረሳውማ ጥሩ ነበር» አለው አባትህ። ከማለ በኋላም በጠበቆቹ ፊት ቀኑን ሳይሸራርፍ ተናገረ። የዕድሜ ልክ ድካሙን በገዛ አፉ ቀበረው። አልተቆጣሁትም፤ ያገባሁት እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ቀጥለው ፎቶውን ለለንደን ሰዎች ማን እንደሰጠ ጠየቁት።

ክሌይተን፣ አባትህ «እኔ ነኝ» አለ።

ቤት ስንገባ ያዝኩት። «አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የሰጠሃቸው? ፎቶው ያለበት አልበም ከመኝታ ቤቴ ወጥቶ ያውቃል?»

«ዶሪን፣ ዛሬ ራት የለም እንዴ?»

«ዞር በልና እየኝ።»

«ልጁ ኑሮውን ገና መጀመሩ ነው» አለና ወደ ጋራዡ ወጣ።

ባለፈው ለምስጋና በዓል መጥተህ አልበሙን ስታገላብጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ሌላ አልጠይቅህም።

አሁን ኩባንያው ከድቶናል ብሎ እሱኑ ከሶታል። አብረውት ያረጁት ሰዎች ገበያ ሲያዩት መንገድ ይቀይራሉ። ሃዋርድማ፣ ስንት ዓመት አንድ ቢሮ የተቀመጠው ሃዋርድ፣ ሰው መሀል «ቨርን፣ ብርቱካኗ ለንደን በሰላም ገባች?» አለው። አባትህ ሳቅ ብሎ አለፈ። ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ሬዲዮውን ሳይከፍት ይቀመጣል። እየሞተብኝ ነው፣ ልጄ።

በወሩ መጨረሻ ዳኛው ፊት ቀርቦ ያችን «እኔ ነኝ» ያላትን ቃል ሊደግማት ነው። አንተ ብትናገር እሱ ይድናል፣ አንተ ትጠፋለህ። ዝም ብትል በዕድሜው አንዴ የዋሸው ውሸት ስሙ ሆኖ ይቀራል። እናት ታውቃለች ብለህ ምክር አትጠብቀኝ። የቱንም ብታደርግ አንዳችሁን አጣለሁ። ስጸልይ እንኳ ምን ብዬ እንደምለምን ግራ ገብቶኛል።

ብቻ እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ሳትበላ አትደር፣ ደረትህንም በብርድ አታስመታ።

የምትወድህ እናትህ
ዶሪን

አባትህ ስጽፍ አይቶኝ እንዲህ ብሎሃል፦ «ደህና ነው በይው። ስለ ክሱ ግን አንዲት ነገር እንዳትነግሪው፣ ይጨነቃል።»