የግድግዳው አሜን

ይድረስ ለወንድሜ፤ ጤናህ እንደ ምክርህ ይብዛልህ! እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

“ጌታን በትዕግሥት ጠብቁ” ብለህ የላክኸው ደረሰን። አንተ ደግሞ መካሪ ሆነህ አረፍከው! እማዬ አንተን እንዲመልስላት በየንጋቱ ጮክ ብላ ስትጸልይ ስንት ዓመት ሆናት? ጎረቤታችን የአውቶቡስ ሹፌሩ “አስተኙን!” እያለ ግድግዳውን በጫማው ሲደበድብ አልነበር? ሰሞኑን ራሱ በራችንን አንኳኩቶ፣ “ምነው እማማ ዝም አሉ? ዝምታው እንቅልፍ ነሳኝ” አለኝ። “በልቧ ነው የምትጸልየው” ብዬ ሸኘሁት።

ዛሬ ንጋት ላይ በእሷ ቦታ ተንበርክኬ እኔ ጮህኩ። እየተናደድኩም ቢሆን ስምህን ጠራሁ። ሹፌሩ ከግድግዳው ወዲያ “አሜን!” አለ።

በል ደህና ሁንልኝ። ሰላምታህን ግን ከእንግዲህ በጽሑፍ አትላክ፤ ደውልላት። አንደበቷ ስለተያዘ መልስ አትሰጥህም እንጂ ትሰማሃለች።

እህትህ